በባሕር ማዶ የሚጋቡ ሰዎች በሁለት ቪዛ መካከል ስለሚያገኛቸው ችግር

ጋብቻ ከሰው ልጅ ማኅበር ሁሉ የቀደመ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ ታከብረዋለች፤ የአገራችንም ሕግ ቤተ ሰብን የኅብረተ ሰብ መሠረት አድርጎ ይጠብቀዋል። በኦሪት ዘዳግም በ 24ኛው ምዕራፍ አዲስ ያገባ ሰው ለአንድ ዓመት ከዘመቻ ነጻ ሆኖ ከሚስቱ ጋር እንዲቀመጥ መታዘዙን ሊቃውንቱ ያውቁታል። የትእዛዙም ምክንያት ግልጽ ነው፤ አዲስ ትዳር እንደ አዲስ ተክል ስለ ሆነ በመጀመሪያው ዓመት መለያየት ያደርቀዋል። በዛሬው ዘመን ግን የሁለት አገር ፓስፖርት ይዘው ለሚጋቡ ሰዎች የካህኑ ቡራኬና የሽማግሌዎቹ ምስክርነት አብሮ ለመኖር አይበቃቸውም። የሚኖሩበት አገር መንግሥት ደግሞ ይሁን ብሎ የመኖሪያ ፈቃድ ሊሰጣቸው ያስፈልጋል።

ዛሬ ልናሳስብ የወደድነው ነገር ይህን የሚመለከት ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ባሕር ማዶ የሄደ ሰው እዚያ ያገባል። የያዘው ቪዛ በታወቀ ቀን ያልቃል፤ የትዳር ጓደኛ ቪዛ ለማግኘት የሚጠየቀው ገቢና ማስረጃ ግን ገና አልተሟላም። ባለቀው ፈቃድና በሚመጣው ፈቃድ መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ወርም ቢሆን አንድ ዓመትም ቢሆን ለባልና ሚስት ጭንቅ ነው። በዚህም ጭንቅ ጊዜ ሁለት ክፉ መካሪዎች ይመጣሉ። አንደኛው ዝም ብለህ ተደበቅ ይላል፤ ሁለተኛው የሐሰት ወረቀት አሠራ ይላል። እኛ ግን የምንለው፣ ይህን ክፍተት በደኅና የሚሻገሩት ቀኑን ቆጥረው አስቀድመው የተሰናዱ ሰዎች እንደ ሆኑ፣ በአገር ቤትም ማኅተም የያዝን ሁሉ ክፍተቱን ለማጥበብም ለማስፋትም እንደምንችል ነው።

የየአገሩ ሕግ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ነገሩን በአንድ አገር ምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። ወገኖቻችን የሚማሩባትንና የሚኖሩባትን እንግሊዝን እንውሰድ፤ ስለ እንግሊዝ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእንግሊዝ ዜጋ ወይም በዚያ ቋሚ መኖሪያ ያለው ሰው ከሌላ አገር ሰው ጋር የተጋባ እንደ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ ራሱን ችሎ መኖር የሚችል መሆኑን በገቢ ማስረዳት አለበት። ይህ የገቢ ልክ በ 2012 ሲደነገግ በዓመት 18,600 ፓውንድ ነበረ። ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። በ 2017 የአገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነገሩን መርምሮ፣ የገቢ ልክ መወሰኑ በራሱ ከሕግ ውጭ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ የሕፃናት ጥቅም በደንቡ ውስጥ በሚገባ አለመታሰቡን ግን ነቅፏል።

ገንዘቡን ማግኘት ብቻም አይበቃም፤ ገቢው ጊዜ ሊኖረው ያስፈልጋል። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው በተለመደው መንገድ በአንድ አሠሪ ዘንድ ስድስት ወር ሙሉ ሠርቶ፣ የስድስቱን ወር የደመወዝ ወረቀትና የባንክ የሂሳብ መግለጫ አንድ ሳያጎድል ያቀርባል። የሚታሰብለትም በስድስቱ ወር ውስጥ ከተከፈለው ዝቅተኛው ደመወዝ ነው። ከወረቀቶቹም የመጨረሻው ማመልከቻው ከሚገባበት ቀን በፊት ከ 28 ቀን የበለጠ ያረጀ መሆን የለበትም። እንግዲህ ትናንት መልካም ሥራ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ዛሬውኑ ማመልከት አይችልም፤ ግማሽ ዓመት መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። ክፍተቱን የሚፈጥረው ከገንዘቡ ይልቅ ይህ የስድስት ወር ቆጠራ ነው።

ይህ ሕግ በድኻ ላይ ይከብዳል ቢባል ሐሰት አይደለም። ጽዳት ሠራተኛውም ሆነ አስተናጋጁ ሚስቱን የሚወደው ባለጠጋው የሚወዳትን ያህል ነው። ነገር ግን የዚያን አገር ሕግ የሚያሻሽለው የዚያው አገር ምክር ቤት እንጂ እኛ አይደለንም። ለእኛ የሚጠቅመው ሕጉን እንዳለ ማወቅና በሕጉ ውስጥ የተከፈተውን በር መፈለግ ነው። በሩም አለ፤ የሚያገኘው ግን አስቀድሞ የፈለገው ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ባልየው ለማስተርስ ትምህርት ከአዲስ አበባ ሄዶ በሎንዶን የተማረ፣ ሚስቲቱም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በዚያው ተወልዳ የእንግሊዝ ዜጋ የሆነች ናት እንበል። የእርስዋ ደመወዝ በዓመት 22,000 ፓውንድ ነው። የተማሪነቱ ቪዛ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ጥቂት ወራት ብቻ ይቀሩታል። ከሚፈለገው 29,000 ፓውንድ ላይ 7,000 ፓውንድ ይጎድላል። ባልየው በዚህ ጊዜ አገሩ ተመልሶ ከአዲስ አበባ ቢያመለክት፣ በኢትዮጵያ የሚያገኘው ደመወዝ ምንም ያህል ቢሆን አይቈጠርለትም፤ የሚታሰበው የሚስቲቱ ገቢ ብቻ ነው። ስለዚህ እርስዋ የተሻለ ሥራ እስክታገኝና በዚያም ስድስት ወር እስክትቆይ ድረስ ተለያይተው ይኖራሉ።

ነገር ግን የተማሪነቱ ቪዛ ሳያልቅ፣ ዩኒቨርስቲውም ትምህርቱን መፈጸሙን ለመንግሥት ካስታወቀ በኋላ፣ እዚያው ሳለ የተመራቂ ቪዛ የሚባለውን ቢያመለክት ነገሩ ይለወጣል። ይህ ቪዛ በ 2021 የተጀመረ ሲሆን፣ ዶክትር ላልሆነ ተመራቂ ሁለት ዓመት ይሰጥ ነበር፤ ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2027 ወዲህ ለሚያመለክቱ ግን ወደ 18 ወር እንዲያጥር ተወስኗል። የያዘው ሰው ሥራ መሥራት ይፈቀድለታል። በእንግሊዝ ውስጥ ሆኖ ለሚያመለክት ባል ደግሞ በሕጋዊ ፈቃድ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ከሚስቱ ደመወዝ ጋር ተደምሮ ይታሰብለታል። እንግዲህ የጎደለውን 7,000 ፓውንድ በራሱ ሥራ ይሞላዋል፤ ስድስት ወር ከሠራም በኋላ ከአገር ሳይወጣ ወደ ትዳር ጓደኛ ቪዛ ይዛወራል። ልዩነቱን ያመጣው በጊዜ የገባው አንድ ማመልከቻ ነው። አባቶቻችን ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የተመራቂ ቪዛ ግን ድልድይ እንጂ ቤት አይደለም። አይታደስም፤ በእርሱ የቆዩበትም ጊዜ ትዳር ጓደኛ ለቋሚ መኖሪያ ከሚጠበቅበት አምስት ዓመት ላይ አይቈጠርም። አምስቱ ዓመት መቈጠር የሚጀምረው የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው። ይህም ፈቃድ ከውጭ ለገባ 33 ወር፣ በአገሩ ውስጥ ለተዛወረ 30 ወር ሆኖ ኋላ ይታደሳል። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቤት ልሥራ ብሎ መዘግየት አይገባም።

ይህ ድልድይ የማይገኝለት ሰውም ተስፋ የሚቈርጥበት ምክንያት የለም። ከደመወዝ የጎደለው በቁጠባ ሊሞላ ይችላል። ስሌቱም እንዲህ ነው፤ የጎደለው ገንዘብ በሁለት ተኩል ይባዛና 16,000 ፓውንድ ይጨመርበታል። ከላይ ባቀረብነው ምሳሌ 7,000 በሁለት ተኩል ሲባዛ 17,500 ነው፤ 16,000 ሲጨመርበት 33,500 ፓውንድ ይሆናል። ምንም ደመወዝ የሌለው ደግሞ 88,500 ፓውንድ ያስፈልገዋል። ገንዘቡም በባለቤቶቹ እጅ ስድስት ወር የቆየ መሆን አለበት። ይህም ለብዙው ሰው የማይቻል ከሆነ፣ በሕግ ወጥቶ በአገር ቤት መጠበቅ ይቀራል። መጠበቅ መራራ ነው፤ ነገር ግን ያዕቆብ ስለ ራሔል ያገለገለው ዓመት ስንት እንደ ነበረ ለሚያውቅ ሰው ስድስት ወር የማይታለፍ ዘመን አይደለም። የሚጠብቀውም ሰው ጊዜውን በከንቱ አያሳልፍ፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውን ይፈተን፤ ማመልከቻው በሚቀርብበትም ጊዜ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የሚጠየቀውን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርግ፤ ወረቀቱንም ያስተርጉም።

ድልድይ መስለው ገደል የሚከቱም መንገዶች አሉ። የጉብኝት ቪዛ ይዞ ገብቶ እዚያው ወደ ትዳር ጓደኛ ቪዛ መዛወር አይፈቀድም፤ ጐብኚ ሆኖ የገባ ሰው ጐብኚ ሆኖ ይወጣል። ለእጮኛ የሚሰጠው የስድስት ወር ቪዛም ሥራ መሥራትን ይከለክላል፤ የገቢውንም ልክ አስቀድሞ ይጠይቃል። እንግዲህ ገቢ ላልሞላለት ሰው መሻገሪያ ሊሆነው አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቪዛው ካለቀ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ቪዛው ሳያልቅ በጊዜ ያመለከተ ሰው መልሱ እስኪመጣ ድረስ የነበረው ፈቃድ በ 1971 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ይራዘምለታል፤ መልሱ ሳይመጣ ከአገር ቢወጣ ግን ማመልከቻው እንደ ተወ ይቈጠራል። ቀኑን ያሳለፈ ሰው በ 14 ቀን ውስጥ በቂ ምክንያት ይዞ ካልቀረበ፣ የነበረው ሕጋዊ መሠረት ይናድበታል። አንዲት ቀን በመዘንጋት የሁለት ዓመት ድካም ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራም፣ የቤት ኪራይም፣ ባንክም ይዘጋበታል። ሚስቱም በአንድ ጊዜ ሚስትና የሚሸሸግ ሰው ጠባቂ ትሆናለች።

ስለ ሐሰት ወረቀት ደግሞ ግልጹን መናገር ይገባል። ያልተጋቡት ተጋብተዋል ተብሎ፣ ወይም የተጋቡበት ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈበት ምስክርነት አንድ ቀን መታወቁ አይቀርም። ቆንስሉ ከማመልከቻው ጋር የቀድሞውን የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ አውጥቶ ያስተያያል፤ በዚያ ያላገባሁ ነኝ ብሎ የፈረመ ሰው በዚህኛው ከዚያ በፊት አግብቼ ነበር ቢል የገዛ ፊርማው ይመሰክርበታል። በማታለል የተገኘ ሰው ማመልከቻው ይጣልበታል፤ ለብዙ ዓይነት ቪዛም እስከ 10 ዓመት ሊታገድ ይችላል። ከዚህም የሚከፋው ጉዳት የሌሎቹ ነው። በአንድ አጥቢያ ማኅተም የወጣ አንድ ሐሰት ሲገለጥ፣ በዚያው ማኅተም የሚመጣው የእውነተኞቹ ባልና ሚስት ወረቀት ሁሉ ይጠረጠራል። የአንዱ ቅጥፈት የሌላውን ክፍተት ያሰፋል ማለት ነው።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ወደ አገር ቤት ይመለሳል። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባሕል ሥርዓት የሚፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ያውቃል፤ በማናቸውም ሥርዓት ቢፈጸም ግን በመዝገብ እንዲገባ ያዝዛል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረትም የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ስለዚህ በሥርዓተ ተክሊል የተጋቡ ሙሽሮች የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ይዘው ወደ መዝገቡ ሹም ቢሄዱ፣ ሹሙ ነገ ተመለሱ እያለ ሊያመላልሳቸው አይገባም። በቢሮው የሚያልፈው ሳምንት በመዝገቡ ሹም ዘንድ ሳምንት ነው፤ በባልና ሚስቱ ዘንድ ግን የደመወዙ ወረቀት 28 ቀን አልፎት እንደ ገና እንዲሰበሰብ የሚያደርግ ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ከመፍጠን ጋር መጠንቀቅም ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች በተለይ ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዩዋሪ 28 ቀን 2024 ነው። የመዝገቡ ወረቀት 2016 ብሎ ብቻ ቢተወው፣ የእኛን አቆጣጠር የማያውቀው ሹም ሰዎቹ ስምንት ዓመት ቀድመው የተጋቡ ይመስለዋል፤ ከተዋወቁበት ዓመት በፊት ተጋቡ የሚል ወረቀት ይዘው እንደ ቀረቡ ሐሰተኞች ይቈጠራሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን አስተያይቶና የየአቆጣጠሩን ስም ጠቅሶ መጻፍ ነው። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ ስም በላቲን ፊደል በፓስፖርቱ በአንድ ዓይነት፣ በጋብቻው ወረቀት በሌላ ዓይነት ከተጻፈ ሁለት ሰው ይመስላል። ጸሐፊው ፓስፖርቱን አይቶ ፊደል በፊደል ቢገለብጥ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

ለካህናት አባቶቻችንም የምናሳስበው አለን። ቪዛው ሊያልቅ ጥቂት ቀን የቀረው ልጅ በዐቢይ ጾም መካከል መጥቶ አጋቡኝ ቢል፣ ካህኑ ሥርዓቱ አይፈቅድም ብሎ መመለሱ ትክክል ነው። ያም ልጅ በዚህ ተጨንቆ፣ እባክዎ አባቴ፣ ከጾሙ በፊት እንደ ተጋባን አድርገው ይጻፉልን ብሎ ቢለምን፣ ርኅራኄ መስሎ የሚታየው ነገር ኃጢአትም ወንጀልም ነው። የሚሻለው ርኅራኄ አስቀድሞ የሚሰጥ ምክር ነው። የንስሐ አባት ልጁ ባሕር ማዶ ልሄድ ነው ብሎ ሲሰናበተው፣ ወይም እዚያ ያለችውን ልጅ ላገባ አስቤአለሁ ሲለው፣ ቪዛህ መቼ ያልቃል ብሎ ይጠይቀው። የጾሙን ወራት ይቈጥርለት። የክብር መዝገብ ጋብቻም በሕግ መኖሩን፣ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያኑም በጊዜው እንደሚፈጸም ያስረዳው። ይህን የመሰለ አንድ ጥያቄ ብዙ ልቅሶ ያስቀራል።

ወላጆችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በአገራችን ልማድ ሠርግ ትልቅ ወጪ ይወጣበታል፤ ወዳጅ ዘመድ መጥራቱም ደግ ነው። ነገር ግን በባሕር ማዶ የሚኖሩ ሙሽሮች ከቪዛው ክፍያ ሌላ ለሕክምና ብቻ በያንዳንዱ ዓመት 1,035 ፓውንድ ይጠየቃሉ፤ ይህም የብዙ ዓመቱ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። ለሁለት ቀን ግብዣ የፈሰሰው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ኖሮ ልጆቻቸው አብረው ይኖሩ እንደ ነበረ ያዩ ወላጆች ኋላ ይጸጸታሉ። ድግሱን አሳንሶ ቤቱን ማጽናት ለዘመድም የማያሳፍር ነገር ነው።

ሕግ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በላይ የጠቀስናቸውን ቍጥሮች አመልካቹ በሚያመለክትበት ቀን እንደ ገና ከራሱ ከመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ አለበት፤ ወይም ፈቃድ ያለውን የሕግ አዋቂ ይጠይቅ። በቡና ቤት የሚነገረው ወሬ የሚወራለት ሰው ጕዳይ ነው እንጂ የራሱ ጕዳይ አይደለም።

የነገሩ ፍጻሜ ይህ ነው። ባልና ሚስት እንዲለያዩ የሚወድ ሰው የለም፤ ነገር ግን በቸልተኝነት የሚያዘገይ ሹም፣ በርኅራኄ ስም ሐሰት የሚጽፍ ጸሐፊ፣ ቀኑን ሳይቈጥር የሚቀመጥ አመልካች ሳይወዱ ያለያዩአቸዋል። በእጃችን ያለው ማኅተም ትንሽ ነገር ይመስላል። የሚያርፍበት ወረቀት ግን ባሕር ተሻግሮ በማያውቀን ዳኛ ፊት ስለ አገራችን ይመሰክራል። እንግዲህ ምስክርነታችን እውነተኛ፣ ጥርት ያለና በጊዜው የሚደርስ እንዲሆን እያንዳንዳችን በያዝነው ሥራ እንትጋ።